«ባጁን መሳቢያ ውስጥ ተዉት» ያለው ፕሮፌሰር፣ እና ሌሎች አራት ጥያቄዎች

ባለፈው እትም ሆስፒታል ውስጥ ስለምንነሳው ኤክስሬይና ሲቲ ስካን ጽፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡልን ጥያቄዎች ግን ብዙዎቹ ከታካሚ አይደሉም። ከዩኒቨርሲቲ ነው የመጡት፤ ከተማሪ፣ ከላብራቶሪ ቴክኒሻን፣ ከጽዳት ሠራተኛ። ነገሩ አይገርምም። ሆስፒታል ውስጥ ጨረር ያለበት ክፍል ቢያንስ የት እንደሆነ ይታወቃል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግን ከባዮሎጂ ፍሪጅ እስከ ጂኦሎጂ ምድር ቤት ተበታትኖ ነው ያለው፣ የሚሠራበትም ሰው በየጥቂት ዓመቱ ተመርቆ ይሄዳል። አምስት መርጠናል። የሰውም የተቋምም ስም አልጠቀስንም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። አሜሪካ ፒኤችዲ እየሠራሁ ነው፣ ሞለኪውላር ባዮሎጂ። ፎስፈረስ-32 የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር እንጠቀማለን። በቅርቡ የአንድ ጓደኛችን ባጅ (ደረት ላይ የሚደረገው የጨረር መለኪያ) ንባብ ከወትሮው ከፍ ብሎ መጣና ከጨረር ደህንነት ቢሮ ሰው መጥቶ ጠያየቀን። ፕሮፌሰሩ አልወደደውም። ከዚያ በኋላ «ትንሽ ሥራ ሲሆን ባጁን መሳቢያ ውስጥ ተዉት፣ ወረቀት ያበዛብናል» ማለት ጀመረ። ቪዛዬም ደሞዜም መመረቄም በእሱ እጅ ነው። ምን ላድርግ? ደግሞስ እውነት ያን ያህል አደገኛ ነው?

መልስ፦ ከኋለኛው ልጀምር። ፎስፈረስ-32 ጭራቅ አይደለም፣ ቀልድም አይደለም። የሚለቀው ቤታ ጨረር ነው፤ ጉልበቱ ከፍ ያለ፣ አየር ላይ ሜትሮች የሚሄድ። አንድ ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው አክሪሊክ ያቆመዋል። እርሳስ (ከባዱ ብረት) ይሻላል ብሎ በእርሳስ ብቻ የሚከልል ሰው ላብራቶሪያችሁ ውስጥ ካለ ንገሩት፤ ቤታው እርሳሱን ሲመታ ኤክስሬይ ይፈጠራል። ፕላስቲኩ ይቅደም፣ እርሳስ ካስፈለገ ከኋላው ይሁን።

መከለያው ደረትህንና ፊትህን ይጠብቃል። ጣትህን ግን አይጠብቅም፤ ጣትህ ከመከለያው ማዶ ነው፣ ፎስፈረሱ ያለበትን ቱቦ ይዞ። ለዚህ ነው ከደረት ባጁ ሌላ የጣት ቀለበት የሚሰጣችሁ። ቀለበቱ ከጓንቱ ሥር ይደረጋል፣ ፊቱ ወደ መዳፍ ዞሮ፣ ምክንያቱም ቱቦው ያለው በዚያ በኩል ነው። ስንቱ እንደ ጋብቻ ቀለበት ወደ ውጭ አዙሮ ያደርገዋል መሰለህ! ከዚያ ንባቡ ትንሽ ሆኖ ሲመጣ «አየህ፣ ምንም የለም» ይባላል። ጓንትህንም በየመሃሉ ጋይገር ቆጣሪው (ጨረር ሲያገኝ የሚጮኸው መሣሪያ) ሥር አሳየው። ጠብታ ያረፈበት ጓንት በር ይከፍታል፣ ፍሪጅ ይነካል፣ ስልክ ያነሳል።

አሁን ወደ ባጁ። ባጅ አይከላከልም፣ ይመዘግባል እንጂ። በአሜሪካ ሕግ ለሠራተኛ የተፈቀደው ጣሪያ ለመላ ሰውነት በዓመት 50 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚደርሰው ጨረር የሚለካበት አሃድ) ነው፣ ለእጅና ለቆዳ 500። ሥርዓት ባለው የባዮሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ የሚመጣው ንባብ ከዚህ በጣም የራቀ ነው፣ ብዙ ጊዜም ዜሮ አካባቢ። ስለዚህ የጓደኛህ ቁጥር ከፍ ማለቱ ራሱ ምልክት ነው፤ አንድ ነገር ተቀይሯል ማለት ነው። ምናልባት ባጁ ያደረው ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው አጠገብ ይሆናል። ምናልባት ልጁ ቱቦውን በእጁ ይዞ ሲያወራ ቆይቶ ይሆናል። የቢሮው ሰው የመጣው ይህን ለማወቅ ነው። ፕሮፌሰራችሁ ያደረገው ትኩሳት ታየ ብሎ ቴርሞሜትሩን መደበቅ ነው።

ብዙ ተማሪ የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። በጨረር የመሥራት ፈቃዱ የፕሮፌሰሩ አይደለም። ፈቃዱ የዩኒቨርሲቲው ነው፣ እሱ በዚያ ፈቃድ ሥር እንዲሠራ የተፈቀደለት ሰው ነው። የጨረር ደህንነት ኃላፊው የእሱን ሥራ የማገድ ሥልጣን አለው። «ወረቀት ያበዛብናል» የሚለው ይህን ስለሚያውቅ ይመስለኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ባጅህን አድርግ። አትከራከር፣ አታስታውቅ፣ ዝም ብለህ አድርግ። ሲጠይቅህ «ለምጄው ነው» በለው። ቀጥሎ ወደ ጨረር ደህንነት ቢሮ ሂድና የራስህን ንባብ ጠይቅ፤ ስትጠይቅ ሊሰጡህ ይገባል። ይህ ክስ አይደለም፣ ማንም ቅር ሊለው አይችልም፣ እግረ መንገድህንም ከሰዎቹ ጋር ትተዋወቃለህ። ቢሮው ዘንድ ስለ መሳቢያው ጉዳይ ስምህን ሳትጠቅስ መጠየቅም ትችላለህ፤ ያለ ማስታወቂያ የሚደረግ ፍተሻ ለእነሱ የተለመደ ሥራ ነው። ያም ካልሠራ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ «ለሠራተኞች ማስታወቂያ» የሚል፣ ማንም አንብቦት የማያውቅ ወረቀት ተለጥፎ ታገኛለህ። የመቆጣጠሪያው መሥሪያ ቤት ስልክ እዚያ ላይ አለ፤ እንደ ግዛቱ የፌዴራሉ የኑክሌር ተቆጣጣሪ ወይም የግዛቱ መሥሪያ ቤት ይሆናል። ሠራተኛ ጥቆማ በመስጠቱ መበቀል በሕግ የተከለከለ ነው።

ሕጉ አለ ማለት ግን ኑሮህ አይነካም ማለት አይደለም፣ ይህን አልዋሽህም። አድቫይዘር ሳይከስህም ሊያጉላላህ ይችላል። ስለዚህ የሚልህን ቀን ከቀን ጻፍ፤ ምን እንዳለ፣ መቼ፣ ማን እንደሰማ። እኛ ደግሞ «ዝም አይነቅዝም» ተብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ ከመምህር ፊት ቆሞ «ይሄ ልክ አይደለም» ማለት ከባድ ነው። ለዚህ ነው ፊት ለፊት ተጋፈጠው ያላልኩህ።

በነገራችን ላይ ፍሪጁ ተቆልፎ የሚቀመጠው ለምን እንደሆነ ከጠየቅህ፦ በ1995 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር ተመራማሪን ጨምሮ 27 ሰዎች ፎስፈረስ-32 ሰውነታቸው ውስጥ ተገኝቷል፤ ሰው ሆን ብሎ እንዳደረገው ተጠርጥሯል። በዚያው ዓመት ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አገር ቤት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመት የሠራሁ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ስቶራችን ውስጥ ለሁለት ሰው እንኳ የማይነሳ የብረት ሣጥን አለ፣ ላዩ ላይ ባለ ሦስት ቅጠል ምልክት ያለበት የደበዘዘ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎበታል። ያመጣው የውጭ አገር መምህር ከሄደ ዘመን ሆኖታል። አሁን የንብረት ማስወገድ ኮሚቴ ቆጠራ ላይ ነው፣ ለጨረታ ሊያወጡት ነው። «ይጣራ» ብል «ሠላሳ ዓመት የተቀመጠ ዕቃ እስካሁን ሞቷል፣ አታካብድ» አሉኝ። አካብጄ ይሆን?

መልስ፦ አላካበዱም ጋሼ። የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ ትዝ ያለኝ ዴልሂ ነው።

የዴልሂ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ጋማ ሴል የሚባል ትልቅ ማሽን ነበረው፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ከካናዳ የተገዛ፣ ውስጡ ኮባልት-60 የሚባል ጨረር አመንጪ ብረት ያለበት። ከ1985 ጀምሮ አልሠራም። የሚሠሩበት ሰዎች ሄዱ፣ ማሽኑ ቀረ። በየካቲት 2010 ከሌላ አሮጌ ዕቃ ጋር በጨረታ ተሸጠ። ልክ እንደ እርስዎ ዩኒቨርሲቲ ኮሚቴ ተቀምጦ፣ ዝርዝር ተዘጋጅቶ፣ ተፈርሞ ነው የወጣው። ማያፑሪ የሚባለው የቁርጥራጭ ብረት ሠፈር ደረሰ። እዚያ ያሉት ሠራተኞች ምን ያውቃሉ? ከባድ ነው፣ እርሳስ አለው፣ እርሳስ ዋጋ ያወጣል። ፈታቱት። ውስጡ ያሉት ዘንጎች ወጡ፣ ተቆራረጡ፣ ከሱቅ ሱቅ ዞሩ። ሚያዝያ ላይ ሰዎች ቆዳቸው እየጠቆረ፣ ጸጉራቸው እየረገፈ፣ እያስመለሳቸው ሆስፒታል መግባት ጀመሩ። አንዱ ሞተ። ቁርጥራጩን በኪስ ቦርሳው የያዘ ሁሉ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ስለ ማሽኑ ያወቀው መርማሪዎቹ ብረቱን ተከትለው ወደ ኋላ በመጡ ጊዜ ነው።

ኮሚቴው «ሞቷል» የሚለውን በቁጥር እንየው። ኮባልት-60 ጉልበቱ በግማሽ የሚቀንሰው በየ5.27 ዓመቱ ነው። የዴልሂው ማሽን ሥራ ካቆመበት ከ1985 እስከ 2010 ብቻ ብንቆጥር ወደ ሃያ ሰባት እጅ ገደማ ደክሟል። ደክሞም ገደለ። ይህ ደግሞ ቶሎ ከሚደክሙት ነው! ሲዝየም-137 በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ይፈልጋል። አሜሪሲየም-241 ከ430 ዓመት በላይ። ራዲየም-226 1600 ዓመት። ሠላሳ ዓመት ለአሜሪሲየም እንደ ትናንት ማታ ነው፣ ኮሚቴውን ይህን ይንገሩልኝ።

የእርስዎ ሣጥን ምን እንደሆነ ከዚህ ሆኜ መናገር አልችልም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምን ሊገኝ እንደሚችል ግን ይታወቃል። የግብርና ኮሌጅ ከሆነ የአፈር እርጥበት የሚለካ ኒውትሮን ፕሮብ ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያውን የሚያወጡበትና የሚከቱበት መከለያ አለው፣ ውስጡ አሜሪሲየም ከቤሪሊየም ጋር ነው። ፊዚክስ ከሆነ ለማስተማሪያ የሚሆኑ እንደ ሳንቲም ያሉ ትናንሽ የጨረር ምንጮች፣ ወይም ከበድ ያለ ኒውትሮን ምንጭ። ኬሚስትሪ መደርደሪያ ላይ ደግሞ የዩራኒየምና የቶሪየም ጨው ያለባቸው ጠርሙሶች ይገኛሉ፤ እነሱ ከሌላው አንጻር ደካማ ናቸው፣ ዱቄታቸው እንዳይተነፈስ ነው ጥንቃቄው። ለሁለት ሰው የማይነሳ ሣጥን ግን ክብደቱ ራሱ አንድ ነገር ይነግርዎታል። ማንም ዝም ብሎ ያን ያህል እርሳስ አይሸከምም።

አይክፈቱት። «ባዶ መሆኑን እንይ» ብሎ የሚከፍት ሰው ሁሌ አለ፣ እሱንም አያስከፍቱት። አያንቀሳቅሱት፣ እንዲቆጠር ብለውም አያስነሡ። ስቶሩን ቆልፈው ቁልፉ ማን እጅ እንደሆነ ይጻፉ። በስልክ ከውጭ ሆነው የምልክቱንና የታርጋውን ፎቶ ያንሱ፤ ታርጋው ላይ የአምራቹ ስም፣ የዕቃው ቁጥርና የዓመቱ ጽሑፍ ካለ ግማሽ ሥራ ቀለለ። ከዚያ በቃል አይደለም፣ በደብዳቤ። ለትምህርት ክፍሉ፣ ለንብረት ማስወገድ ኮሚቴው፣ ግልባጭ ለፕሬዝዳንት ጽሕፈት ቤት፣ ግልባጭ በአገሪቱ የጨረር ሥራን ለሚቆጣጠረው ባለሥልጣን። ቀሪው ላይ ማኅተምና ቁጥር ያስመቱ። የመጀመሪያው የጨረር መከላከያ አዋጅ ከወጣበት ከ1993 ጀምሮ እንዲህ ያለ ዕቃ ያለ ፈቃድ የሚያዝ አይደለም፤ በጨረታ የሚወጣማ በፍጹም አይደለም። ባለሙያዎቹ መለኪያ ይዘው ይመጣሉ፣ ባዶ ሆኖ ከተገኘም የሚከፋ ሰው የለም።

ምልክቱን በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። ባለ ሦስት ቅጠሉ ምልክት ላልተማረ ሰው ምንም አይናገርም፤ እንደ አበባ ወይም እንደ አየር ማራገቢያ ያየዋል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ በ2007 ሌላ ተጨማሪ ምልክት ያወጣው ለዚህ ነው፤ ቀይ፣ የራስ ቅል ያለበት፣ የሚሮጥ ሰው ያለበት። የሚለጠፈውም ውጭ ሳይሆን ውስጥ ነው፣ መሣሪያውን የሚፈታ ሰው እንዲያየው። የእርስዎ ሣጥን ግን ከዚያ በፊት የመጣ ነው። ቆራሌው በር ላይ ሲደርስ የሚያስጠነቅቀው ነገር የለም፣ ከእርስዎ በቀር።

ጥያቄ፦ ስዊድን የፒኤችዲ ተማሪ ነኝ። ስምንት ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። በምሠራበት ቦታ አዮዲን-125 እና ትሪትየም የሚባሉ ጨረር አመንጪ ነገሮች አሉ። ለማንም አልተናገርኩም፣ እኛ ጋ ሦስት ወር ሳይሞላ አይወራም፣ እናቴም «አፍሽን ያዢ» ብላኛለች። ፕሮጀክቱን ቀምተው ለሌላ እንዳይሰጡብኝም እፈራለሁ። መቼ ልናገር?

መልስ፦ በሽልም ያውጣሽ። መልሱ፦ አሁን፣ ግን ለአንድ ሰው።

በአውሮፓ ሕግ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ካሳወቀች በኋላ በቀሪው የእርግዝና ጊዜ ልጁ ላይ የሚደርሰው ጨረር ከ1 ሚሊሲቨርት እንዳያልፍ ተደርጎ ሥራዋ መስተካከል አለበት። ቁልፉ «ካሳወቀች በኋላ» የሚለው ነው። እስክትናገሪ ድረስ በሕግ ዓይን እንደማንኛውም ሠራተኛ ነሽ፣ የአንቺ ጣሪያ በዓመት 20 ነው። እናትሽ ስለ ጎረቤትና ስለ ዘመድ ያሉት ይጸናል። የጨረር መከላከያ ኃላፊው ግን ጎረቤት አይደለም። ምስጢሩን ለእሱ ብቻ ነግረሽ ለላብራቶሪው እስክትፈልጊ ድረስ እንዲይዘው መጠየቅ ትችያለሽ።

የምቸኩልበት ምክንያት አዮዲኑ ነው። የልጅ እንቅርት እጢ አዮዲን መሰብሰብ የሚጀምረው ከአሥረኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። አዮዲን ደግሞ በተለይ ፕሮቲን ላይ ሲለጠፍ በትነት ይወጣል። ያንን ሥራ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ይሥራልሽ። ትሪትየም ሌላ ጸባይ አለው፤ ጨረሩ ቆዳ እንኳ አያልፍም፣ ከውጭ ሆኖ ልጅሽን አይነካውም። ግን ትሪትየሙ ራሱ በአፍ ወይም በቆዳ ከገባ እንደ ውኃ መላ ሰውነት ይዳረሳል። ጋይገር ቆጣሪም አያየውም፣ ደረትሽ ላይ ያለው ባጅም አያየውም። ስለዚህ «ቆጣሪው አልጮኸም» የሚለው ለትሪትየም ዋስትና አይደለም። ጠረጴዛው በወረቀት ተጠርጎ ወረቀቱ ሲንቲሌሽን በሚባል የጨረር መቁጠሪያ ማሽን መቆጠር አለበት፤ ስላለፈው ከተጨነቅሽ የሽንት ምርመራ ይደረግልሽ።

ስላለፈው ብዙ አትብሰልሰዪ። በዓለም ላይ ሰው ከተፈጥሮ ብቻ በአማካይ በዓመት ከ2 ሚሊሲቨርት በላይ ይደርሰዋል። ደህና በተያዘ ላብራቶሪ የጠረጴዛ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው። የእስካሁኑን ንባብሽን ጠይቂና እዪው፣ ከመገመት ይሻላል።

ፕሮጀክቱን እንዴት ትይዢዋለሽ? ሄደሽ «እርጉዝ ነኝ፣ ምን ላድርግ?» አትበዪ። የወራት ዕቅድ ይዘሽ ግቢ፤ የትኛውን ሙከራ ማን እንደሚሠራልሽ፣ አንቺ የትኛውን ትንተናና ጽሑፍ እንደምትጨርሺ። ዕቅድ ይዞ ከመጣ ሰው ፕሮጀክት መውሰድ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ሲያትል ነው ያለሁት፣ የማታ ፈረቃ የምርምር ሕንፃ አጸዳለሁ። በ2019 አንድ ሕንፃ በጨረር ተበክሎ ተዘጋ ሲባል ሰምተናል። ምን ነበር? ቢጫ ምልክት ያለበት ክፍል ስገባ ልቤ ይመታል። ሱፐርቫይዘሬ ደግሞ «ምንም አይደለም ጨርሺ» ነው የሚለው።

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው እህቴ። ሜይ 2 ቀን 2019 ማታ በሃርበርቪው የምርምርና ሥልጠና ሕንፃ ነው የሆነው። ለምርምር የሚያገለግል፣ ሲዝየም-137 ያለበት ማሽን ነበር። እንዲያውም እየተወሰደ የነበረው ለደህንነት ሲባል ነው፤ መንግሥት እንዲህ ያሉትን ማሽኖች በኤክስሬይ እንዲተኩ ያበረታታል። የኮንትራት ሠራተኞች ምንጩን ለጉዞ ሲያዘጋጁ በሚቆርጥ መሣሪያ ምንጩ የታሸገበትን ራሱን ነኩት። ውስጡ ያለው ዱቄት ነው፣ ሲዝየም ክሎራይድ። ዱቄት ደግሞ በአየር ማስተላለፊያው ሽቅብ ይወጣል፣ በጫማ ይሄዳል። 13 ሰዎች ላይ ተገኘ፤ የሚቆርጡት ብቻ ሳይሆኑ ቆመው የሚታዘቡትም ላይ። የደረሰባቸው መጠን ጤና የሚጎዳ አልነበረም ተብሏል። ሕንፃው ግን ረጅም ጊዜ ተዘግቶ ሲጸዳ ቆየ፣ ወጪውም ቀላል አልነበረም። በ1987 ብራዚል ጎያኒያ ላይ አራት ሰው የገደለው ይኸው ዱቄት ነበር።

የእርስዎ ሥራ ከዚያ የተለየ ነው። በተለመደ ቀን ምልክት ያለበት ክፍል ወለል ስለጠረጉ የሚደርስብዎ ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የእርስዎ አደጋ ሌላ ቦታ ነው፤ ቅርጫቱ። ምልክት ያለበትን ማንኛውንም ቅርጫት፣ ባልዲ ወይም ከረጢት አይንኩ፣ አያስተካክሉ፣ ሞልቶ ቢፈስ እንኳ አያነሡ። ያ የተመራማሪዎቹ ሥራ ነው። ጠረጴዛና መታጠቢያ ገንዳም የእርስዎ አይደለም። ወለሉ ላይ የፈሰሰ ነገር ካዩ ይውጡ፣ በሩን ይዝጉ፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን ስልክ ይደውሉ። እና ሥልጠና ይጠይቁ። እንደነዚህ ላሉ ክፍሎች የሚመደብ የጽዳት ሠራተኛ ምን መንካት እንዳለበትና እንደሌለበት ሊነገረው ይገባል፣ አጭር ሥልጠና ነው። ቋንቋው ከከበደ አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ አይፈሩ። ሱፐርቫይዘርዎ «ጨርሺ» ካለ «እሺ፣ ሥልጠናው መቼ ነው?» ይበሉት። ዛሬ ቢያልፈው ነገም ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ጂኦሎጂ ማስተርስ ነኝ፣ ኤክስአርዲ በሚባል የኤክስሬይ ማሽን የድንጋይ ናሙና እሠራለሁ። ማሽኑ ከጠፋ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ጨረር ይቀራል ወይ? ወተት ጠጡ የሚሉንስ?

መልስ፦ አይቀርም። ኤክስሬይ ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ አምፖል እንደሚጠፋው፤ ናሙናህም ጨረር አመንጪ አይሆንም። ወተቱን ከወደድከው ጠጣ፣ ከጨረር ጋር ግን ግንኙነት የለውም።

የምፈራልህ ሌላ ነው። የኤክስአርዲ ጨረር እንደ መርፌ ቀጭን ነው፣ ጣት ካገኘ በሰከንዶች ውስጥ ያቃጥላል፣ ሲነካህም አይሰማህም። ቁስሉ የሚመጣው በኋላ ነው። ለዚህ ነው በሩ ሲከፈት ማሽኑን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ የተገጠመለት። አሮጌ ማሽን ላይ ያ ማብሪያ በቴፕ ተጣብቆ ወይም በሽቦ ተገናኝቶ አይቼ አውቃለሁ፣ «ናሙና ለማስተካከል ያስቸግራል» ተብሎ። ነገ ስትገባ እሱን እይ። ቴፕ ካለ ማሽኑን አትንካ፣ ኃላፊውን ጥራው።